የእንጨት ሞዴል መርከብ ገመዶች፦ እውነተኛነታቸው በምን ይለካል?

አድሚራል ኔልሰን በ1805 በትራፋልጋር የሞተባት የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቪክቶሪ ምሰሶዎቿን ለመወጠርና ሸራዎቿን ለማንቀሳቀስ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ገመድ ያስፈልጋት ነበር። ይህችን መርከብ በ1:72 ስኬል ከእንጨት የሚሠራ ሰው አንድም ገመድ ሳላስቀር ልሥራ ቢል ወደ 580 ሜትር የሚጠጋ ክር ይጠብቀዋል። ክሩ በውፍረት መመረጥ፣ በቀለም መለየት፣ በየፑሊው ማለፍና በየቦታው መታሰር አለበት። የመርከቧን አካል አቁሞ፣ ሳንቃዋን ለብጦ፣ መድፎቿን ደርድሮ የጨረሰ ሠሪ ገና ግማሽ መንገድ ላይ መሆኑን የሚረዳው እዚህ ሲደርስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሞዴል መርከብ ገመድ እውነተኛ የሚባለው መቼ ነው? ለአንዳንዶች እውነተኛ ማለት በማስረጃ የተደገፈ ማለት ነው፤ በዚያ ዓመት፣ በዚያ አገር፣ በዚያች መርከብ ላይ የነበረ ገመድ ሁሉ በቦታው መገኘት አለበት። ሌሎች ለዓይን እውነት መምሰሉ ይበቃቸዋል፤ ሞዴሉን ከክንድ ርቀት የሚያይ ሰው እውነተኛዋን መርከብ ከሩቅ ያየ ያህል ከተሰማው ሥራው ተሳክቷል ይላሉ። ሦስተኛው ወገን ደግሞ ገመዱ ሥራ ላይ እንዲሆን ይጠይቃል። ሸክም ያለበት መወጠር፣ ሸክም የሌለበት መላላት፣ ሸራው ከወረደም አብሮት መውረድ ያለበት ሁሉ መውረድ አለበት።

ሦስቱ መመዘኛዎች ተደባልቀው ስለሚነገሩ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ፍሬ አይሰጥም፤ አንዱ ስለ ሰነድ ሲናገር ሌላው ስለ ዓይን ይመልስለታል። በእኔ ግምት ከሦስቱ አነስተኛ ትኩረት ያገኘው ሦስተኛው ነው። መቅደም የነበረበትም እርሱ ነበር።

ለመግባባት ያህል፣ የመርከብ ገመድ በሁለት ይከፈላል። ቋሚው ምሰሶን ይይዛል። ከምሰሶው አናት አጠገብ ወደ ፊት የሚወርደው የፊት ወጣሪ፣ በግራና በቀኝ ወደ መርከቧ ጎን የሚወርዱት የጎን ወጣሪዎች፣ በእነዚህም ላይ አግድም ታስረው ለመርከበኛው መሰላል የሚሆኑት የመወጣጫ ገመዶች የዚህ ወገን ናቸው። የጎን ወጣሪዎቹ የሚጠብቁት ባለ ሦስት ቀዳዳ ክብ እንጨቶችን ላይና ታች አድርጎ በቀጭን ገመድ በማያያዝ ነው። ተንቀሳቃሹ ደግሞ ሸራውንና ሸራው የሚታሰርበትን አግዳሚ ግንድ ያነሳል፣ ያወርዳል፣ ወደ ነፋሱ ያዞራል።

አመጣጡ፦ ከስለት እስከ ጥናት

የአውሮፓ የመርከብ ሞዴል ታሪክ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ ነው። በስፔን፣ በፈረንሳይ፣ በዴንማርክና በሌሎችም የባሕር ዳርቻ አገሮች ሰዎች የመርከብ ቅርጽ አሠርተው በስለት ይሰጡ ነበር። ቅርጹ በቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሥር ይንጠለጠላል። ከካታሎንያ ወጥቶ ዛሬ በሮተርዳም የባሕር ሙዚየም የሚገኘው የ15ኛው ክፍለ ዘመን የማታሮ ሞዴል ከእነዚህ እጅግ የታወቀው ነው። የስለት መርከብ ግን ለምእመን እንጂ ለመርከብ ባለሙያ አልተሠራም። ምሰሶው ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ሊረዝም፣ ገመዱም ሠሪው የሚያስታውሰውን ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በእንግሊዝ ሌላ ዓይነት ሞዴል ብቅ አለ። ለባሕር ኃይሉ አስተዳደር ቅርብ በሆኑ ሰዎች ዘንድ የተሠሩት እነዚህ ሞዴሎች አብዛኛውን ጊዜ በ1:48 ስኬል የተቀረጹ፣ የታችኛው አካላቸው ሳንቃ ሳይለብስ የጎድን አጥንቱ የሚታይ ነበሩ። ብዙዎቹ ምሰሶም ገመድም አልነበራቸውም፤ የጥቂቶቹ ገመድ ግን በዘመናቸው በነበሩ ባለሙያዎች እጅ ሙሉ በሙሉ ታስሯል። ለዛሬው ተመራማሪ እነዚህ ጥቂቶቹ ውድ ሀብት ናቸው። በለንደን ግሪኒች የሚገኘው ብሔራዊ የባሕር ሙዚየም እና በአሜሪካ አናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚው ሙዚየም ዋና ዋናዎቹን ይዘዋል።

ሦስተኛው ምንጭ እስር ቤት ነው። በናፖሊዮን ጦርነቶች ጊዜ በእንግሊዝ የተያዙ ፈረንሳውያን እስረኞች፣ ለምሳሌ በ1797 በተከፈተው የኖርማን ክሮስ ካምፕ፣ ከምግባቸው በተረፈ አጥንት መርከብ እየሠሩ ይሸጡ ነበር። የእጅ ጥበባቸው ያስደንቃል። በማስረጃነት ግን ደካሞች ናቸው፤ ከትዝታ ተሠርተዋል፣ ለገዢ ዓይን ተውበዋል፣ ገመዳቸውም ከጊዜ በኋላ ብዙ ጊዜ ተተክቷል።

የሞዴል ገመድ በራሱ የጥናት መስክ የሆነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አር. ሲ. አንደርሰን በ1927 ከ1600 እስከ 1720 ያለውን ዘመን የሚሸፍን የገመድ ሥራ መጽሐፍ አሳተመ። ሃሮልድ አንደርሂል በ1946 ስለ ኋለኞቹ ፈጣን የንግድ መርከቦች ጻፈ። ኔፒየን ሎንግሪጅ የቪክቶሪን ሞዴል በ1:48 ሠርቶ አሠራሩን በ1955 መጽሐፍ አደረገው። ዣን ቡድሪዮ በ1970ዎቹ ስለ ፈረንሳይ ባለ 74 መድፍ መርከብ ካሳተማቸው አራት ቅጾች ሦስተኛውን ለምሰሶ፣ ለሸራና ለገመድ ሰጠ። የግሪኒች ሙዚየም ባለሙያ የነበረው ጄምስ ሊዝ ደግሞ በ1979 ከ1625 እስከ 1860 ያሉትን የእንግሊዝ የጦር መርከቦች በአንድ መጽሐፍ አጠቃለለ። ዛሬ በየቤቱ የሚሠራ ሞዴል፣ ሠሪው ባያውቀውም፣ ከእነዚህ ከአንዱ ሥር የበቀለ ነው።

ማስረጃው ከየት ይመጣል?

በዘመኑ የተጻፈው ቀዳሚውን ቦታ ይይዛል። ዴቪድ ስቲል በ1794 ለንደን ላይ ያሳተመው ትልቅ መመሪያ በመርከብ ደረጃ የተከፋፈሉ ሰንጠረዦች አሉት፤ እያንዳንዱ ገመድ ስንት ኢንች እንደሆነ፣ ስንት ፑሊ እንደሚያስፈልገው ይነግራል። ዳርሲ ሌቨር በ1808 ለወጣት መኮንኖች ያዘጋጀው መጽሐፍ ደግሞ ነገሩን በሥዕል ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ሁለቱን የያዘ ሰው የ1800 አካባቢን የእንግሊዝ መርከብ በሚገባ ማሰር ይችላል።

ችግሩ እዚያው ይጀምራል። ስቲል የጻፈው ሊሆን የሚገባውን ነው፤ አዛዡና የመርከቡ የገመድ አለቃ በባሕር ላይ ያደረጉት ግን በልምዳቸውና በዕቃ ግምጃ ቤቱ አቅም ልክ ነበር። በተጨማሪም መጽሐፉ የአንድ አገርና የአንድ ትውልድ ነው። በ1680 ለተሠራች የሆላንድ መርከብ የስቲልን ሰንጠረዥ መጠቀም በቀላሉ የማይታይ፣ ግን ከባድ ስህተት ነው። የሸራና የገመድ ሥርዓት በየትውልዱ ተለውጧል። በመርከብ አፍንጫ ላይ በተጋደመው ምሰሶ ጫፍ ትንሽ ቋሚ ምሰሶ ማቆም የ17ኛው ክፍለ ዘመን መለያ ሲሆን በ18ኛው መጀመሪያ ላይ ጠፋ፤ ቦታውን ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራዎች ወሰዱት። በኋለኛው ምሰሶ ላይ የነበረው ረጅም ሰያፍ ግንድ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እያጠረ ሄዶ ተተካ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ቋሚው ገመድ ወደ ብረት ሽቦ ተለወጠ፤ በ1869 የተሠራችው ከቲ ሳርክ የዚህ ዘመን ልጅ ናት። አንዲት መርከብም በዕድሜዋ ውስጥ ደጋግማ ትታሰራለች። ስለዚህ «ቪክቶሪን እሠራለሁ» ማለት አይበቃም፤ የ1765ቷን ነው ወይስ የ1805ቷን?

ሥዕል ሁለተኛው ምንጭ ነው፤ ጥራቱም እንደ ሠዓሊው ይለያያል። ሽማግሌው ቪለም ቫን ደ ቬልደ ከሆላንድ የጦር መርከቦች ጋር አብሮ እየወጣ በቦታው የሚነድፍ ሰው ነበር፤ በ1670ዎቹ መጀመሪያ ከልጁ ጋር ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። ኒኮላስ ፖኮክ ከሠዓሊነቱ በፊት የንግድ መርከብ አዛዥ ነበር። እንዲህ ያለ ሠዓሊ ገመድ ሲስል የሚስለውን ያውቃል። ከሥዕል የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ዝርዝሩ ላይ አይደለም፤ መርከቦች በእርግጥ እንዴት ይውሉ እንደነበር ያሳያል። በወደብ ቆመው ሸራ ሲያደርቁ፣ የላይኛው ግንዳቸው ወርዶ፣ ገመዳቸው ላልቶ ይታያሉ። ይህን የትኛውም ሰንጠረዥ አይነግርም።

ሦስተኛው ከባሕር ሥር የወጣው ነው። የስዊድኗ ቫሳ ነሐሴ 1628 በስቶክሆልም ወደብ ሰጠመች፤ በሚያዝያ 1961 ወጣች። ከአሥር ሸራዎቿ ስድስቱ በግምጃ ቤቷ ተጣጥፈው ተገኙ፤ ፑሊዎች፣ ባለ ሦስት ቀዳዳ እንጨቶችና የገመድ ቁራጮችም አብረው ወጡ። በ1545 የሰጠመችውና በ1982 የወጣችው ሜሪ ሮዝም እንዲሁ የገመድ ዕቃ አስገኝታለች። እንዲህ ያለ ግኝት የፑሊን ትክክለኛ ቅርጽና መጠን ያለ ክርክር ይሰጣል። የማይሰጠው የገመዱን መንገድ ነው። የቫሳ የላይኛው ምሰሶዎች የሉም፤ ገመዱ ከመርከቧ ወለል ተነስቶ በየት በኩል አልፎ የት እንደታሰረ ከዕቃዎቹ ተነስቶ መገመት ግድ ይላል። በቫሳ ሙዚየም ሸራዎቿን ዘርግታ የቆመችው የ1:10 ሞዴል መታየት ያለባት በዚህ ዓይን ነው፤ በእንጨትና በክር የቀረበ የተመራማሪዎች ሙግት ናት።

እስከ ዛሬ ቆመው ያሉት መርከቦችስ? ብዙ ሠሪዎች ፖርትስመዝ ሄዶ ቪክቶሪን ፎቶ ማንሳት የመጨረሻው ማረጋገጫ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ጎብኚዎች በቪክቶሪ ላይ ሲያዩአቸው የኖሩት የታችኛው ምሰሶዎች ሻህ ከተባለች የ19ኛው ክፍለ ዘመን መርከብ የመጡ የብረት ምሰሶዎች ናቸው፤ ገመዷም በ1920ዎቹ ወደ ትራፋልጋር መልኳ ለመመለስ ከተደረገው እድሳት ጀምሮ በተመራማሪዎች ውሳኔ የታሰረ ነው። በ2011 የላይኛው ምሰሶዎቿ ለጥገና ወርደዋል። ከትራፋልጋር በእርግጥ የቀረው ትልቅ ማስረጃ በጥይት የተበሳሳው የፊት ምሰሶ ሸራዋ ነው።

እዚህ ላይ በመስኩ ውስጥ በቂ ያልተነገረለት አደጋ አለ። አንደርሰን ከጥንታዊ ሞዴሎች ተማረ። ከጥንታዊ ሞዴሎች ብዙዎቹ ግን ገመዳቸው ተበጣጥሶ በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአዳሾች እጅ እንደገና ታስረዋል። አዳሹ በበኩሉ በእጁ ያለውን መጽሐፍ ይከተላል። ከዚያ አዲስ ተመራማሪ መጥቶ የታደሰውን ሞዴል ለመጽሐፉ ማረጋገጫ አድርጎ ይጠቅሰዋል። ማስረጃው ራሱን በራሱ እየመሰከረ ይዞራል ማለት ነው። ስለዚህ የአንድ ሙዚየም ሞዴል ምስክርነት ከመቀበል በፊት መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የመርከቧ ዕድሜ አይደለም፤ የክሩ ዕድሜ ነው።

ውፍረት፣ አገማመድ፣ ቀለም

በዘመኑ ገመድ የሚለካው በዙሪያው ነበር። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ሳያውቁ በመጽሐፍ ያገኙትን የኢንች ቁጥር እንደ ዲያሜትር ይወስዱትና ገመዳቸው ከሚገባው ሦስት እጥፍ ይወፍራል። አንደርሰንም ሊዝም የገመዱን መጠን ከምሰሶው ያሰላሉ። በተለምዶ የዋናው ምሰሶ የፊት ወጣሪ ዙሪያ የምሰሶው ዲያሜትር ግማሽ ያህል ነው፤ የጎን ወጣሪው ደግሞ ከፊት ወጣሪው ስድስት አሥረኛ ገደማ ይሆናል።

የምሰሶው ዲያሜትር 90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የፊት ወጣሪው ዙሪያ 45፣ ዲያሜትሩ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ1:72 ስኬል ይህ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የጎን ወጣሪው 1.2 ሚሊ ሜትር ላይ ያርፋል። የመወጣጫ ገመዱ ዙሪያው 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በሞዴሉ ላይ ከ0.2 ሚሊ ሜትር በታች ነው። በአንድ መርከብ ላይ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ከአሥር እጥፍ በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው፤ በመካከልም ብዙ እርከኖች። በሣጥን የሚሸጡ የሞዴል ዕቃዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቀለምና ጥቂት ውፍረት ይዘው ይመጣሉ። ብዙ ሞዴሎች በመጀመሪያ እይታ ቅር የሚሉን በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ የእውነተኛው መርከብ ገመድ ለዓይን የሚሰጠው ከወፍራም ወደ ቀጭን የመሄድ ቅደም ተከተል ጠፍቶ ሁሉም ገመድ አንድ ዓይነት ሆኗል። የመወጣጫ ገመዶቹ ርቀትም እንዲሁ። በእውነተኛው መርከብ በመካከላቸው ከ33 እስከ 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይተው ነበር፤ በ1:72 ይህ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስምንት ሚሊ ሜትር የተተወበት ሞዴል ላይ በዚያው ስኬል ያለ መርከበኛ መውጣት ይቸግረዋል።

አገማመዱ ከዚህ የረቀቀ ጉዳይ ነው። ተራው ገመድ ሦስት ዘርፍ ሆኖ ወደ ቀኝ ይገመዳል። እንዲህ ያሉ ሦስት ገመዶች ተይዘው ወደ ግራ ሲገመዱ ዘጠኝ ዘርፍ ያለው ወፍራም ገመድ ይወጣል። አራት ዘርፍ በመካከሉ አንድ ልብ ይዞ የሚገመድም አለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ የጦር መርከቦች የጎን ወጣሪዎች የትኛው ዓይነት ነበሩ በሚለው ላይ ጸሐፊዎች አይስማሙም። ነገሩ ከንቱ ክርክር ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም በሞዴሉ ላይ የሚታይ ውጤት አለው። ገመዱ በባለ ሦስት ቀዳዳው እንጨት ዙሪያ የሚጠመጠመው አገማመዱን ተከትሎ ነው። አገማመዱ በመርከቧ በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ስለሆነ የቀኙ ጎን የግራው የመስተዋት ምስል አይሆንም፤ በአንደኛው ጎን የገመዱ ጫፍ ወደ ፊት ሲሆን በሌላው ወደ ኋላ ይሆናል። ብዙ ሞዴሎች ሁለቱን ጎን አመሳስለው የሚያስሩት ለዓይን ስለሚቀና ነው። ራሳቸው ክር እየገመዱ የሚሠሩ ሰዎች የበዙትም ለዚህ ነው፤ የስፌት ክር የተፈተለበት አቅጣጫ እንደ ፋብሪካው ይለያያልና።

ቀለሙን በተመለከተ የቆየው ልማድ ቋሚውን ጥቁር፣ ተንቀሳቃሹን ገላጣ ቡናማ ማድረግ ነው። መነሻው እውነት ነው፤ ቋሚው ገመድ ከዝናብና ከጨው እንዲጠበቅ በዝፍት ይቀባ ነበር። ይሁን እንጂ ከሰሜን አውሮፓ ጥድ የሚወጣው ዝፍት በራሱ ቡናማ ነው፤ ጥቁረቱ በተደጋጋሚ መቀባትና በተጨመረበት ማጥቆሪያ የሚመጣ ነው። ተንቀሳቃሹም ቢሆን ከሚገመድበት ክር ጀምሮ ዝፍት ይነካው ስለነበር ብዙ የሣጥን ዕቃዎች እንደሚያቀርቡት ነጣ ያለ ሊሆን አይችልም። አንዱ ወገን ለ17ኛው ክፍለ ዘመን ጥቁር ቡናማ፣ ለ19ኛው ጥቁር ይላል። ሌላው ወገን በዓይን ይሟገታል፤ ሩቅ ያለ ነገር ቀለሙ ስለሚሳሳ ፍጹም ጥቁር ክር ሞዴሉን አሻንጉሊት ያስመስለዋል ይላል። ሁለተኛው ክርክር ከሰነድ የመነጨ ባይሆንም ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል፤ ቢያንስ ለ17ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በሁለቱም መንገድ ብንሄድ የምንደርሰው ጥቁር ቡናማ ላይ ነው።

መርከቧ በየትኛው ሰዓት ላይ ናት?

ሸራ ይኑር ወይስ አይኑር የሚለው የመስኩ አሮጌ ክርክር ነው። ሸራን የሚቃወሙ ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። ጨርቅ በስኬል አይቀንስም፤ በ1:72 ትክክለኛ የሚሆን ሸራ ከስስ ወረቀት የሳሳ መሆን አለበት። ደግሞም የተዘረጋ ሸራ ለወራት የተደከመበትን ገመድ ይሸፍናል። የጥንቶቹ የእንግሊዝ ሞዴሎችም አብዛኛውን ጊዜ ሸራ የላቸውም። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ሸራ የሌለው ተንቀሳቃሽ ገመድ ሥራ ፈት ነው ይላሉ፤ የሚጎትተው ነገር ከሌለ ለምን ተሠራ?

ሁለቱም ወገኖች ከባዱን ነጥብ ያልፉታል። ሸራ መተው ሸራውን ብቻ መተው አይደለም። በባለ አራት ማዕዘን ሸራ መርከብ ላይ ከታችኛው በላይ ያሉት አግዳሚ ግንዶች ቋሚ ቦታ የላቸውም። ሸራው ሲዘረጋ ግንዱ ወደ ላይ ይሳባል፤ ሸራው ሲጠቀለል ወይም ሲፈታ ግንዱ ወርዶ ከታችኛው ምሰሶ አናት አጠገብ ያርፋል። ሸራ የሌለበት ሞዴል ላይ ግንዶቹን እስከ ላይ ስቦ ማቆም፣ በብዙ ሙዚየሞች ውስጥ ቢታይም፣ አንድ መርከብ በተለመደ ቀኗ የማትሆነውን ሁኔታ ማሳየት ነው። ከግንዱ ጫፍ ወደ ምሰሶው የሚወጡት ደጋፊ ገመዶች ምስክር ናቸው። ግንዱ ሲወርድ ክብደቱን እነርሱ ይይዛሉና ይወጠራሉ፤ ግንዱ ወደ ላይ ሲሳብ ይላላሉ። ግንዱ ከላይ ሆኖ ደጋፊዎቹ ጥርቅም ብለው የተወጠሩበት ሞዴል ላይ ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች በአንድ ምሰሶ ላይ ተገናኝተዋል።

ሸራ ለሚዘረጋው ደግሞ ጥያቄው ይበዛል። ነፋሱ ከየት ነው? ከጎን የሚመጣ ከሆነ በነፋሱ በኩል ያሉት የጎን ወጣሪዎች ይወጠራሉ፣ በተቃራኒው ያሉት ላላ ይላሉ። በታችኛው ሸራ ላይ በነፋሱ በኩል ያለው ማዕዘን ወደ ፊት ይሳባል፣ ሌላው ማዕዘን ወደ ኋላ፤ በየማዕዘኑ ከታሰሩት ገመዶች የቀሩት ሁለቱ ያለ ሥራ ይንጠለጠላሉ። ባንዲራውም ሸራውን በሞላው ነፋስ መውለብለብ አለበት። ሸራው ወደ ፊት ተነፍቶ ባንዲራው ወደ ኋላ የሚውለበለብበት ሞዴል ብዙ ነው።

በወደብ የቆመች መርከብ ሦስተኛ መንገድ ናት፤ ሸራዋ በግንዱ ላይ ተጠቅልሎ፣ የላይኛው ግንድ ወርዶ፣ ገመዱ በየመንጠቆው ተጠምጥሞ። የተጠቀለለ ሸራ ሙሉውን ጨርቅ ይዞ ከተሠራ ስለሚያብጥ ሠሪዎች ሆን ብለው ጨርቁን ይቀንሳሉ። ሸራዎቹ ተፈትተው ከወረዱ ደግሞ ሸራውን ወደ ታች የሚጎትተውና ወደ ላይ የሚሰበስበው ገመድ እርስ በርስ ተያይዘው ከግንዱ ሥር ይቀራሉ። ይህ ሁሉ በቫን ደ ቬልደ ንድፎች ዓይነት ሥራዎች ላይ ይታያል።

አንድ ሠሪ የመጀመሪያውን ክር ከመቁረጡ በፊት ዓመቱን፣ ከዚያም ሰዓቱን ቢወስን አብዛኛው ውሳኔ ከዚያ ተከትሎ ይመጣል። የትኛው ይላላ፣ የትኛው ይወጠር፣ የትኛው ይጠምጠም የሚለው የጣዕም ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። አሳዛኙ ነገር ብዙዎቹ መመሪያዎች የገመዱን መንገድ ሲያስተምሩ ሰዓቱን አይጠይቁም፤ የሚስሉት ሁሉም ገመድ በአንድ ጊዜ የተወጠረበትን መርከብ ነው።

ቋጠሮና ስበት

ርዝመት በ72 ሲከፈል ክብደት በ373,248 ይከፈላል። ስለዚህ እውነተኛው ገመድ በራሱ ክብደት ወደ ታች ጎብጦ ሲንጠለጠል ክሩ እንደ ሽቦ ቀጥ ይላል ወይም በዘፈቀደ ይጠማዘዛል። የላላ ገመድ ማሳየት ከተወጠረው የሚከብደው ለዚህ ነው። አንዳንዶች በውኃ የቀጠነ ነጭ ሙጫ ቀብተው ትንሽ ክብደት አንጠልጥለው ያደርቁታል፤ የተጠመጠመውን ገመድም ከሞዴሉ ውጭ አዘጋጅተው በኋላ ይሰቅሉታል። ክሩን በእጅ ቅርጽ ማስያዝ ማታለል ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ስበት የሚሠራውን እጅ ተክቶ ከሠራው ሞዴሉ ወደ እውነት ቀርቧል ባይ ነኝ።

ቋጠሮ ላይ ያለው ልዩነት ጥብቅ ነው። በእውነተኛው መርከብ የመወጣጫ ገመዱ በመካከለኞቹ ወጣሪዎች ላይ በድርብ ዙር ይቋጠራል፤ ሁለቱ ጫፎች ግን ዓይን ተሠርቶላቸው በቀጭን ክር ይታሰራሉ። በ1:48 ይህን እንዳለ መሥራት ይቻላል። በ1:96 ግን ቋጠሮው ራሱ ከሚገባው በላይ ይተልቃል፤ ትክክለኛው ቋጠሮ ትክክል ያልሆነ መልክ ይሰጣል። በ1:192 ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ዶናልድ ማክናሪ ክሩን ትቶ ወደ ቀጭን ሽቦ ሄደ፤ ቋጠሮ የለም፣ ግን ለዓይን አንዳች የሚጎድል አይመስልም። የሰነድ እውነትና የዓይን እውነት በግልጽ የሚለያዩበት ቦታ ይህ ነው። ወሰኑ የቱ ላይ ነው ለሚለው በ1:64 እና በ1:96 መካከል አንድ ቦታ ማለት ይቻል ይሆናል፤ የሠሪው እጅ ግን ወሰኑን ከፍም ዝቅም ያደርገዋል።

ክሩ ስንት ዓመት ይቆያል?

ሊነን ለረጅም ጊዜ የሙዚየሞች ምርጫ ነበር። ጠንካራ ነው፣ ሲገመድም እውነተኛውን ገመድ ይመስላል፤ ነገር ግን በአሲድ ይጎዳል፣ ጥሩ ቀጭን ክሩም ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ጥጥ በቀላሉ ይገኛል፤ ሆኖም ጠጉር ያወጣል፣ እርጥበት ሲለዋወጥም ይላላል ይጠብቃል። ፖሊስተር እርጥበት አይነካውም፣ ጠጉርም አያወጣም፤ ዛሬ በሙያው የሚሠሩ ብዙዎች የሚጠቀሙበት እርሱን ነው። ተቃዋሚዎቹ የሚያነሱት አንጸባራቂነቱንና የዕድሜውን አጭርነት ነው፤ ሊነን የሦስት መቶ ዓመት ምስክር ሲኖረው ፖሊስተር የቆየው ገና የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ብቻ ነው።

ክሩን በንብ ሰም ማሸት በየመጽሐፉ የሚመከር የቆየ ልማድ ነው። የክሩን ጠጉር ያስተኛል፣ ቋጠሮውንም ይይዛል። በሌላ በኩል ሰም አቧራ ይስባል፤ አቧራም በገመድ መረብ መካከል ከተቀመጠ ሳይበጥሱ ማጽዳት ከባድ ነው። የማስቀመጫው ሣጥንም ይገድላል። ከባሉጥ እንጨት የሚወጣው አሲዳማ ትነት በተዘጋ መስታወት ውስጥ ሲጠራቀም በሞዴሉ ላይ ያሉትን የእርሳስ ዕቃዎች ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጣል፤ ይህ ብዙ ሞዴሎችን ያበላሸ የታወቀ በሽታ ነው።

ያልተፈታው

የቀረው ጥያቄ ማስረጃ የሌለውን ገመድ ምን እናድርገው የሚለው ነው። የአንዲትን መርከብ የምሰሶ ልክ ከሰነድ እናገኛለን፤ የገመዱን ውፍረት ከቀመር፣ መንገዱን ከመሰል መርከቦች። ገመዱ በመጨረሻ የታሰረበት ቦታ ግን፣ በተለይ ለ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ብዙ ጊዜ በግምት ይቀራል። በኋላ ዘመን በየረድፉ የተደረደሩት የማሰሪያ ዘንጎች ሳይስፋፉ ገመድ በመርከቧ ጎን በተተከሉ ቀንዶች፣ በምሰሶ ሥር ባሉ ጉቶዎች፣ አንዳንዴም በራሳቸው በወጣሪዎቹ ላይ ይታሰር ነበር። አንዱ ወገን የማይታወቀውን ተዉት ይላል፤ ሙዚየም ውስጥ የሚቀመጥ ሞዴል የማይታወቅን ነገር እንደሚታወቅ አድርጎ ማሳየት የለበትምና። ሌላው ወገን መርከብ ያለ ገመድ አትሄድም፤ የተተወ ገመድ ራሱ ሐሰት ነው፣ ግምት ይሻላል ይላል።

እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ሠሪው የቱን ከሰነድ፣ የቱን ከመሰል መርከብ፣ የቱን ከራሱ ግምት እንዳሰረ ጽፎ ከሞዴሉ ጋር ማስቀመጥ አለበት፤ የክሩን ዓይነትና የታሰረበትን ዓመት ጨምሮ። የአናፖሊስና የግሪኒች ሞዴሎች እንዲህ ያለ ወረቀት ቢኖራቸው ኖሮ የትኛው ገመድ የ1690፣ የትኛው የ1920 እንደሆነ ለመለየት የሚደረገው አድካሚ ምርመራ አብዛኛው ባላስፈለገ ነበር። ብዙ የዛሬ ሠሪዎች ሞዴላቸው ወደ ሙዚየም አይሄድም ብለው ይህን ይተዉታል። የኖርማን ክሮስ እስረኞችም በሥራቸው ላይ የሚከራከር ተመራማሪ ይመጣል ብለው አላሰቡም ነበር።